የሸምሱ ልጅ

«ማንኛው ነው?» አሉኝ።

ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ፣ በሁለት እጄ ለአንዲት ደንበኛ የሕፃን ሱሪ ዘርግቼ እያሳየሁ ነበር። አረፋ ሲቃረብ መርካቶ ዱባይ ተራ መተንፈሻ የለውም። ልጁን ማልበሱን የረሳ ሁሉ በዚያ ሰሞን ትዝ ይለዋል፤ ትዝ ያለው ሁሉ ደግሞ የሚመጣው እኔ ጋ ይመስለኛል። ጥያቄው ስላልገባኝ፣ መስመሩ ተቆራርጦ ይሆናል ብዬ «ምን አሉኝ እማማ?» አልኩ።

«የሸምሱ ልጅ ተገኝቷል አላችሁ። የሄዱት ሁለት ናቸው። የተገኘው ማንኛው ነው?»

ሁለት መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሱሪውን ለደንበኛዋ ትቼላት ወደ በረንዳው ወጣሁ፤ ዋጋውንም የነገርኳት አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሰዓደት እባላለሁ፤ የሕፃናት ልብስ ነው የምሸጠው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው በረንዳ ላይ ሱቅ ሲዘጋ የሚተኛ ሰው ነበር። ጠዋት ስደርስ ካርቶኑን አጣጥፎ፣ በረንዳውን ጠርጎ፣ ገለል ብሎ ይቆማል። ቀን ቀን ሸክም ይሸከማል። ሲናገር ስለማይሰማ ሰፈሩ «ዝምታ» ይለዋል። ዝምታ ይችን ጆንያ አንሳልኝ፣ ዝምታ ውሃ አምጣልኝ፤ እኔም እንደዚያው። ዓርብ ዓርብ ዳቦ እሰጠዋለሁ፣ ክረምት ሲገባ ብርድ ልብስ ሰጥቼዋለሁ። ክፉ ሴት አይደለሁም። ይህን የምለው ማንም ክፉ ነሽ ስላለኝ ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔው ራሴን ስለምጠረጥር ነው።

አንድ ጠዋት ተጠቅላዩን የብረት በር ስከፍት ጣቴን ቆረጠመኝ። ሕመሙ ልቤ ድረስ ስለገባ በስልጥኛ ጮህኩ፤ ሰው ሲያመው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። ዝምታም ከበረንዳው ጫፍ በስልጥኛ አይዞሽ አለኝ። ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ ልክ እንደኛ አካባቢ ሰው ነው ያለው። ጣቴን ረሳሁት።

በእኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲተዋወቅ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስም አይደለም፤ የማን ልጅ ነህ ነው። አባት ይጠራል፣ አያት ይጠራል፣ መንደር ይጠራል፤ ሦስት አራት ስም ከተቆጠረ ዝምድና ባይገኝ እንኳ ጋብቻ አይጠፋም። የራሱ ስምማ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔም የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «የሸምሱ» አለኝ፤ መንደሩንም ከዳሎቻ ወዲያ ያለች አንዲት ቀበሌ ብሎ ነገረኝ። ንብ ያረቡ የነበሩት ሸምሱ፣ አላህ ይማራቸውና? አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ብጠይቀው ብጠይቀው ወደ ዝምታው ተመለሰ።

እኔ ግን የሚበቃኝን አግኝቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት፣ ጣቴ እየደማ፣ እዚያ አካባቢ ላገባችው ለባሌ እህት ለሱንዱስ ደወልኩ። የሸምሱ ልጅ መርካቶ በረንዳ ላይ እየኖረ ነው፣ በሕይወት አለ፣ ለእናቱ ንገሪያቸው አልኳት። ደስ ደስ እያለኝ ነው የነገርኳት። ስሙን አልጠየቀችኝም፤ እሷም እንደኔው ነች። ወዲያው ሄዳ ተናግራለች።

ከእኔ ሱቅ በላይ ያሉት ጅምላ ሻጩ ሐጂ ጃፋር ወሬውን ሲሰሙ የተሰደቡ ያህል ተቆጡ። የኛ ሰው፣ የስልጤ ልጅ፣ በረንዳ ላይ ያድራል? እስከ ዛሬ የማንም ልጅ መስሏቸው በላዩ ሲያልፉ አልተቆጡም፤ ይህን ግን በፊታቸው አላልኩም። ወዲያው ሰው ሰበሰቡ። ለአረፋ አገሩ ይግባ ተባለ። ከእኛ ወገን ሆኖ አረፋን መርካቶ የሚውል የታመመ ወይ የተጣላ ነው፤ ባዶ እጁን የሚገባ ደግሞ ባይገባ ይሻለዋል። ስለዚህ አንዱ ኮት፣ አንዱ ጫማ፣ አንዱ ለእናት የሚሆን ልብስ አዋጣ። ሐጂ በገዛ መኪናቸው ሊወስዱት ሆነ። ዝምታን መሀል አቁመን ኮቱን ስንለካው፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ሱቅ ውስጥ እንደሚቆመው አሻንጉሊት ቀጥ አለ።

ከጎኔ ቦርሳ የሚሸጡት ጋሽ ደመቀ ብቻ ናቸው የተቃወሙት። የሸዋ ሰው ናቸው፤ በአረፋ ጉዳይ እንዳይገቡ ብለው ራቅ ብለው ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ሰውየውን ጠይቃችሁታል?» አሉ። ሐጂ ሳቁ። አገር መግባት ይጠየቃል እንዴ አሏቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እንግዲህ እማማ ዙበይዳ፣ የዝምታ እናት፣ ስልክ ያለው ዘመድ አግኝተው የደወሉልኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ አገኘሁት፤ አዲሱን ኮት ለብሶ ካርቶን ይጭን ነበር። እሳቸው በመስመር ላይ እንዳሉ፣ ምንም ሳላስብ «እናትህ ናቸው፤ ማንኛው ነው እያሉኝ ነው» አልኩት።

ለእናቱ መንገሬን አያውቅም ነበር። መልኩ ሲጠፋ አየሁ። ስልኩን እንደ እሳት አየው፣ የተሸከመውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ከደረጃው ወረደና በሰው መሀል ገባ። ዝምታ ብዬ ተጣራሁ። ብዙ ሰው ዞሮ አየኝ፤ እሱ አልዞረም።

«ሰዓደት፣ አለሽ?» አሉ እማማ ዙበይዳ።

ደንበኛ በዝቶብኝ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ አልኳቸው። አትቸገሪ አሉኝ በተረጋጋ ድምፅ፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ነገ እኮ የሴቶች አረፋ ነው እማማ አልኳቸው። በእኛ አገር ከዋናው በዓል በፊት የሴቶቹ ቀን አለ፤ ቅቤው የሚነጠረው፣ የበዓሉ የቡላ ምግብ፣ አተካናው፣ የሚሠራው ያን ቀን ነው። እናት ያን ቀን ቤቷን ዘግታ መንገድ ትወጣለች ቢሉኝ አላምንም ነበር። «አውቃለሁ» አሉና ዘጉት።

ያን ማታ ሱንዱስን ደውዬ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ጠይብ፣ ታናሹ ፈርሀት። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርገው፣ በባሕር ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሻገሩ አብረው ወጡ። ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። መንደሩ ለቅሶ ተቀመጠ፣ እናት ግን አልቀመጥም ብለው እንቢ አሉ። ሱንዱስ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «እኔማ የምታውቂ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ተናደድኩባት። ከዚያ መናደዴ አሳፈረኝ።

ባሌና ልጆቼ ቀድመው አገር ገብተዋል፤ እኔም በማግሥቱ ልከተላቸው ነበር። ቀረሁ አልኳቸው። ባሌ ምን ሆነሽ ሲለኝ አንድ ሰው ጠፍቶብኝ ነው አልኩት። ማን ሲለኝ ግን ጠይብ ይሁን ፈርሀት አላውቅም።

በማግሥቱ ሱቄን ለረዳቴ ትቼ ፍለጋ ወጣሁ። ሐጂ ጃፋር ኮቱን ይዞ ጠፋ ብለው ነበር። የኮት ነገር አሁን የሚወራ አይደለም ብዬ በቁጣ መለስኩላቸው፤ በሕይወቴ ሐጂን ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ደመቀ ምንም ሳይሉ ሱቃቸውን ቆልፈው አብረውኝ መጡ። እኔ እንደ ሞኝ እየተንጠራራሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ፣ ጎጃም በረንዳ ደረስን። ተሸካሚዎቹና ባለ ጋሪዎቹ ተሰብስበው የሚቀመጡበት ስለሆነ፣ እዚያ የሚያውቀው አይጠፋም ብለን ነው።

የመጀመሪያው ባለ ጋሪ «ስሙ ማነው?» አለኝ።

ዝምታ አልኩት። ሳቀ። እዚህ ስንት ዝምታ አለ መሰለሽ አለኝ። መልኩን ስናገር ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም አልኩ፤ በዙሪያዬ የቆሙት በሙሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ነበሩ። አዲስ ኮት የለበሰ ነው ስል ደግሞ አዲስ ኮት ያለው እዚህ ምን ይሠራል ተባልኩ። ለዓመታት በየጠዋቱ ያየሁትን ሰው ከሌላ ሰው የምለይበት ነገር አልነበረኝም።

ስልኬ ጮኸ። እማማ ዙበይዳ ናቸው፤ የወንድማቸውን ልጅ ስልክ ተውሰው ነው የመጡት። ቡታጅራ ደርሻለሁ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። የትናንቱን ጥያቄ አልደገሙትም። አለመድገማቸው ከመጠየቃቸው የበለጠ አስፈራኝ።

ወደ ዱባይ ተራ ስንመለስ ሚኪን አገኘነው። ሚኪ መኪና የሚያስቆምና የሚጠብቅ፣ እሱም በረንዳ የሚያድር ጎልማሳ ነው፤ የሰፈሩን ታርጋ በሙሉ ያውቃል። ከበረንዳዬ የጠፋውን ሰው አይተኸው እንደሆነ ስጠይቀው አየኝ አየኝና፣ «ጠይብን ነው የምትይው?» አለኝ።

ጠይብ። እንግዲህ ታላቁ ነው።

መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቲቱ የጠየቁኝ መልስ በእጄ ገባ፤ ስልኩም በእጄ ነው፤ መደወል ብቻ ነበር የቀረኝ። ነገር ግን ጠይብ ነው ብላቸው ፈርሀት የለም ማለቴ ነው። የአንዱን መኖር ልነግር የሌላውን ሞት በስልክ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በማያውቁት ሰው መሀል ላሰማቸው ነው። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖም የሚጮኽ እየመሰለኝ አሥር ጊዜ አወጣሁት።

ሚኪ ያለበትን አውቃለሁ፣ ግን እንዳትጎትቱት አለ። ማን ይጎትተዋል ብዬ ተቆጣሁ። «ሰሞኑን አልብሳችሁ ልትጭኑት አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ተከተልነው። እየሄድን ሳለ፣ ያን ለጠይብ የሰጠሁትን ብርድ ልብስ የሚለብሰው እሱ ሚኪ እንደሆነ ነገረኝ፤ አሞት በነበረ ጊዜ ጠይብ አውልቆ ሰጥቶት ነው። እኔ ደግሞ ሽጦ ጫት ቅሞበታል ብዬ ለስንት ሰው አውርቻለሁ።

ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ምጽዋት ከሚጠብቁት ሰዎች አለፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ሲያየን ሊነሳ ቃጣ፤ ሚኪ አጠገቡ ሄዶ ሲቀመጥ ግን ተወው። እኔ ፊቱ ቆምኩ። ጠይብ አልኩት። ስሙን ከአፌ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ። እሱ ነው የተናገረው፤ በስልጥኛ፣ ቀስ እያለ፣ ቆየት እያለ። ጋሽ ደመቀ ባይገባቸውም አጠገቤ ቆመው ሰሙ። ከባሕሩ ያወጡት ሰዎች ወደ ጅቡቲ መልሰውት፣ የጭነት መኪና ለምኖ አዲስ አበባ ገባ። ትንሽ ሠርቼ፣ የሚያስቀርብ ነገር ይዤ፣ ከዚያ ለእናቴ እነግራለሁ ብሎ ነበር። ቀን እየተሸከመ ሌሊቱን በአልጋ ኪራይ ያድር ነበር። ከዚያ ታመመ፤ የታመመ አይሸከምም፣ ያልተሸከመ አልጋ የለውም። ለአንድ ሌሊት ብሎ በረንዳ ወጣ። ሲነጋ ልብሱ ቆሸሸ፣ የቆሸሸ ሰው ዕቃ የሚያሸክመው አጣ፣ ሁለተኛውንም ሌሊት እዚያው አደረ። አንድ ቀን የአገሩ ሰዎች ሲያልፉ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን እንዳዞረ ነው።

«ፈርሀትስ?» አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅሁ።

«እጁን ይዤው ነበር» አለ። «ለቀቀኝ ይሁን ለቀቅሁት አላውቅም። ስንወጣ እናቴ አደራ ብላ የሰጠችው ለኔ ነው።»

ሚኪ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቋንቋውን ባያውቅም የገባው ይመስለኛል። ስልኬ ጮኸ። ጢያ አልፈናል አሉኝ እማማ ዙበይዳ፤ ከኋላቸው ሕፃን ያለቅሳል፣ ሾፌሩ መንዙማ ከፍቷል። ደህና ናችሁ? አሉኝ። ደህና ነን አልኩ። ስዘጋው ጠይብ እጄ ላይ ያለውን ስልክ እያየ ነበር።

«ተሳስቻለሁ በያት» አለኝ። «የሸምሱ ልጅ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው በያት። ትመለስ። አንቺን ታምንሻለች።»

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ላደርገው ነበር። ማንም አይጎዳም አልኩ በልቤ። እሳቸው እስከ ዛሬ በኖሩበት ተስፋ ይኖራሉ፣ እሱ እስከ ዛሬ ባደረበት ያድራል፣ እኔም ማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ ለበዓሉ ልጆቼ ጋ እደርሳለሁ። መዋሸት አልችልም ማለቴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ይሄ ጨርቅ አይለቅም ስል የምውል ሴት ነኝ። ግን አንዲት እናት አተካናዋን ትታ ስድስት ሰዓት መንገድ ተቀምጣ፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ልጅሽ የለም ልበላት?

«ይህን አልችልም ጠይብ» አልኩት። «ሳልጠይቅህ መናገሬ ጥፋቴ ነው። እንድትመጣ አላስገድድህም። እኔ ግን አውቶቡስ ተራ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ፤ ከጠየቁኝም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።»

ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ደመቀ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳይጎነበሱ፣ ሳያባብሉ፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ነው ያናገሩት። ከሱቃቸው በላይ ያለው መጋዘን ግማሹ ባዶ ነው፤ መስኮት አለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ግባበት አሉት። ተያዥ የሚጠይቅ ሥራ ከተገኘም እኔ ተያዥ እሆንሃለሁ። «ይህ ከእናትህ ጋር አይገናኝም። ብታገኛቸውም ባታገኛቸውም ቁልፉ ያንተ ነው። አገርህ ግባ የሚልህ የለም።»

ጠይብ አላመሰገናቸውም። ከውስጥ ነው የሚቆለፈው? ብሎ ብቻ ጠየቀ። አዎ አሉት። ሰዓቴን አየሁና ትቻቸው ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ እስክደርስ ዘወር ብዬ አላየሁም፤ ባየውና ባይኖር እግሬ የሚቀጥል አልመሰለኝም።

አውቶቡስ ተራ ያን ቀን ሰው ሁሉ ወጪ ነው። ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ የጎማ ጫማ፣ ኬክ በካርቶን፤ ሁሉም ወደ አገሩ ይጭናል። የሚያውቁኝ ሰዎች ሰዓደት አልገባሽም እንዴ ይሉኛል፣ እገባለሁ እላለሁ። የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ ግማሹ ባዶ ነው። አለም ገና ደርሰናል ካሉኝ በኋላ ስልካቸው ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነው አልኩ፣ ታመው ነው አልኩ፣ ገብቷቸው መንገድ ላይ ወርደዋል አልኩ። በመሀሉ የጠይብን ነገር አስባለሁ። ካልመጣ ምን ብዬ እጀምራለሁ? አልሐምዱሊላህ ብዬ ጠይብ በሕይወት አለ ልበልና ከዚያ? ከዚያ በኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር አሥር ዓይነት አድርጌ ገጣጠምኩት፤ አንዱም ለሰው ጆሮ የሚሆን አልነበረም።

ከአውቶቡሱ የወረዱት መጨረሻ ላይ ነው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በፌስታል ይዘዋል። ሰዓደት ነሽ? ብለው ሳሙኝ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ፤ ባልሽ ደህና፣ ልጆችሽ ደህና፣ ሥራሽ ደህና፣ የባልሽ እናት ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። አንዱንም ሳያስቀሩ ጠየቁ። ሰላምታውን ያስረዘሙት መልሴን ፈርተው እንደሆነ የገባኝ ሲጨርሱ ነው፤ እጄን አጥብቀው ያዙ።

«እማማ» አልኩ። «እማማ፣ ያ ልጅ...»

እኔን እያዩ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ያዩ ነበር።

ዞርኩ። ጠይብ ከቲኬት መቁረጫው ግድግዳ አጠገብ ቆሟል። ኮቱን ለብሶታል። ጋሽ ደመቀና ሚኪ ራቅ ብለው እንደማያውቁት ሆነው ቆመዋል። እማማ ዙበይዳ እጄን ለቀቁኝና ሄዱ፤ አልሮጡም፣ ተጓዡ እየገፋቸው፣ እሳቸውም እየገፉ ሄዱ። ፊቱ ሲደርሱ ቆሙ። ጠይብ አፉን ከፈተ።

«እማ፣ ፈርሀት...»

«አውቃለሁ» አሉት።

እዚያ ደርሼ ስለነበር የተናገሩትን በሙሉ ሰምቻለሁ። «ፈርሀት ቢተርፍ ኖሮ በዚያው ቀን የሰው ስልክ ለምኖ ይደውልልኝ ነበር፤ አንድ ቀን አያስችለውም። ይህን ሁሉ ዓመት ከኔ ተደብቆ የሚቀመጥ አንተ ነህ። በረንዳ ላይ ይኖራል ብለው ሲነግሩኝ ያኔውኑ አወቅኩ።» ኮሌታውን በጣታቸው አቀኑለት። «ግን ጠየቅሁ። አላስቻለኝም፣ ጠየቅሁ።»

ጠይብ እግራቸው ሥር ሊወድቅ ሲል ኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አቆሙት። እሱ አለቀሰ፤ እሳቸው አላለቀሱም። የያዙትን ኮት ግን አልለቀቁም፤ በጣም አጥብቀው ስለያዙት ስፌቱ ሲተረተር ሰማሁ።

እኔ በበኩሌ ሁሉንም ነገር ላስተካክል ፈጠንኩ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ባዶ ነው፣ ይረፉ፣ ምግብ አለ አልኩ። ሐጂ ጃፋርም መኪና አለኝ ብለው ደውለው ነበር፤ ሁለቱንም ዛሬውኑ አገር ያደርሳሉ አልኩ። ጋሽ ደመቀ የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥተው ያዙ። እማማ ዙበይዳ ሁላችንንም በየተራ አዩን፤ አላህ ይስጣችሁ አሉ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ የምታድርበትን አሳየኝ።»

ጠይብ ይቅርብሽ እማ አላቸው። ይቅር ብለን ሁላችንም ለመንናቸው፤ ሰው በዝቶበታል፣ ቆሻሻ ነው አልናቸው። ቅቤያቸውን ለእኔ አሸክመው ክንዱን ያዙና ምራኝ አሉት። ስለዚህ መራቸው። ዱባይ ተራ እንደተጨናነቀ ነው፤ ረዳቴ ከሁለት ገበያተኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። ጠይብ በረንዳው ላይ ሲደርስ ከሕንፃው ዘበኛ ወንበር ጀርባ ካርቶኑን አወጣ። በግድግዳው ጥግ፣ በሱቄ በርና በመብራት ቆጣሪው መሀል፣ ሁልጊዜ በሚያነጥፍበት ቦታ አነጠፈው። ገበያተኛው በላያችን ያልፋል።

እማማ ዙበይዳ ከካርቶኑ ጠርዝ ቆመው ጫማቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡት። «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፣ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚባለው፤ ጠይብም መለሰላቸው። ከዚያ ገብተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ ዝናብ ከየት በኩል ነው የሚገባብህ ብለው ጠየቁት። በእጁ አሳያቸው።

እኔ ቅቤውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ነበር። የዚያን በረንዳ ኪራይ የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ስንት ዓመት በጫማዬ ሄጄበታለሁ። አሁን ግን አንድ እርምጃ መራመድ አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ጠይብ» አልኩት፣ «ልግባ?»